ጋሽ አጥብቀውና የሚንቀጠቀጠው አውሮፕላን

የእህቴን ባል በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ወረቀት ተሸካሚው ድረስ ሁሉም «ጋሽ አጥብቀው» ይለው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከማተሚያ መኪኖቹ አንዷ ስትንገጫገጭ፣ ፊደሉ ሲደበዝዝ ወይም ወረቀቱ ተጣሞ ሲወጣ፣ አንዱ ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመጣና፣

«ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ዛሬ ደግሞ አመሏ ተነሥቷል» ይለዋል።

«አጥብቀው።»

«ምኑን?»

«ያገኘኸውን።»

ይህን የሚለው የያዘውን ሻይ ሳያስቀምጥ ነው። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር። እነዚያ አሮጌ መኪኖች ሲሠሩ ወለሉ ይርዳል፤ እኔ የአራሚነት ሥራዬን የምሠራባት በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል እንኳ አብራ ትንጫጫ ነበር። አንዲት ቡሎን በላላች ቁጥር «ሀ» ጥላዋን አስከትላ ትታተማለች። ሻዩ ሲያልቅ ጋሽ አጥብቀው ራሱ ይመጣል። የካቻቪቴውን ጫፍ በመኪናዋ ገላ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ንዝረቱን በመንጋጋው ያዳምጣል፤ ጆሮውን መኪኖቹ አደንዝዘውት ነበርና። ከዚያ መፍቻውን አንድ ቦታ ላይ ያኖርና «እኝ!» ብሎ ያጠብቃል። ፊደሏም ከጥላዋ ትላቀቃለች። የቀለምና የነጭ ጋዝ ሽታ ዛሬም ባፍንጫዬ ሲመጣብኝ፣ አብሮት የሚመጣው ያ «እኝ!» የሚለው ድምፅ ነው።

እንግዲህ አውሮፕላን የሠራው ይህ ሰው ነው።

በጎረምሳነቱ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከከተማው ዳር ባለው የሣር ሜዳ ላይ ሠርቶ ነበር። በሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች እዚያ ያርፉ ነበርና ፓምፓቸውን ያድስ ነበር። ከአብራሪዎቹ አንዱ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከጎኑ እያስቀመጠ መብረር አስተማረው፤ ፈቃዱንም አወጣ። ኋላ የሚረጩት አውሮፕላኖች ሄዱ፤ ሜዳው ለሣርና ለወፍ ቀረ። እሱም ማተሚያ ቤት ተቀጠረ፤ እህቴን አገባ፤ አንዲት ልጅ ወልደው አሳደጉ፤ ዳሩ። ልጅቱ ስትወጣ እህቴ ባዶ የቀረው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ልታስገባ አስባ ነበር። እሱ ቀድሟት የላሜራ ቁራጭ አስገባ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጭራ መጀመሪያ ነው።»

«የምን ጭራ?»

«የአውሮፕላን።»

«አሁን ገና ልጅ ድረን ዐረፍን ስል፣ አንተ ደግሞ አውሮፕላን ልትወልድ!»

ቤቴ ከቤታቸው በአንድ ግንብ ብቻ የሚለይ ስለነበር የዚያን አውሮፕላን ዕድገት ከእነሱ እኩል አይቻለሁ። ክንፎቹ በኮሪደሩ ኮርኒስ ሥር ተንጠልጥለው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። በዝናብ ወራት እህቴ የታጠበ ልብስ ታሰጣባቸዋለች። ገላው ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ፣ አፍንጫው ከወጥ ቤቱ መስኮት ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። እህቴ ልብስ ሰፊ ናትና የክንፎቹን ጨርቅ ያለበሰችው እሷ ነች። «ለሙሽራ ቀሚስ ያስቀመጥሁትን ክር በላው» እያለች ታማርራለች፤ ግን ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ስፌቷን በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ።

ሞተሩን የሰጠው ባለ ጋራዡ ጓደኛው ነው፤ ሳቁ ከመዶሻው የሚበልጥ፣ ቅን ሰው። ከተገለበጠ የስፖርት መኪና የወጣ፣ ሮታሪ የሚባል ዓይነት ሞተር ነበር። በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስተኖች ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። በዚህኛው ግን እንቁላል በመሰለ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞራል፤ መዝለል የለም፤ መዞር ብቻ። ጋሽ አጥብቀው ፈታትቶ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለእህቴ ሲያስረዳት እኔም ነበርሁ።

«አየሽ፣ ይሄ እንቁላሉ ነው። ውስጡ የሚዞረው ደግሞ ይሄ። የሚዘል ነገር የለውም። ስለዚህ አይንቀጠቀጥም።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች እህቴ። «ይበራል ሲባል ግን አልሰማሁም።»

ሞተሩ ለፕሮፔለሩ ከመጠን በላይ ፈጣን ስለሆነ፣ በመካከላቸው ፍጥነቱን የሚቀንስ የማርሽ ሳጥን ተገጠመ። ገላው ከጓሮው የብረት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። ጋሽ አጥብቀው ጋዙን ትንሽ ሰጠው። ያን ጊዜ ከማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ጥርስ የማፋጨት ድምፅ ወጣ፤ ገላው ወባ እንደ ያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ፤ የፍጥነት መለኪያዋ መርፌ መርፌነቷ ቀርቶ ጭጋግ ሆነች። እህቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣

«አጥፋው! ሳህኖቼ ከመደርደሪያ ሊዘሉ ነው! አይንቀጠቀጥም አላልኸኝም?» ብላ ጮኸች።

ጋዙን ሲጨምርለት ነገሩ አልፎ ጸጥ አለ። ሲቀንስለት እንደገና መጣ። አጠፋው። ባለ ጋራዡ «እሺ፣ አሁንስ?» ሲለው መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

«እናጠብቀዋለን።»

ሞተሩ ከገላው ጋር የተያያዘው በጎማዎች ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ አጥብቀው ጎማዎቹን አውጥቶ በምትካቸው ወፍራም የብረት ሰሌዳ አስገባ፤ ቡሎኖቹንም በወፈሩት ለወጣቸው። የማተሚያ ቤት ሰው ነዋ! በእሱ ዘንድ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ የላላ ነገር ነው። ባጠበቀው ቁጥር ግን መንቀጥቀጡ ከሞተሩ ወደ ገላው፣ ከገላው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩም ወደ ራሱ ጥርስ ተሻገረ። እህቴ «ነገር ሲከር ይበጠሳል» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

በዚያው ዓመት ነው ክፉው ወሬ የመጣው። የሣር ሜዳው ለቤት ሠሪዎች ተሰጥቷል፤ ዝናብ ሳይጀምር ይታጠራል ተባለ። በአቅራቢያችን ሌላ ሜዳ የለም። ሩቅ ያለውም ቢሆን ያልተፈተነ አውሮፕላን አያስገባም። ከዚህ ሜዳ ካልተነሣ የትም አይነሣም ማለት ነው። ጋሽ አጥብቀው ወሬውን የሰማ ዕለት እራት ቀርቦለት ሳይነካው ተነሣ። እህቴ ሳህኑን እያነሣች፣

«ይሄን አውሮፕላን ስረግመው ኖሬ፣ አሁን ለምንድን ነው እኔን የሚያንገበግበኝ?» አለችኝ።

የመብረሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የአቪየሽን መሥሪያ ቤት መርማሪ ጓሯቸው ድረስ መጣ። መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ፣ በፊት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነበር። አውሮፕላኑን በባትሪ እያበራ፣ እየተንበረከከ ዞረው። ስፌቱን አይቶ «ይሄንስ ማን ሰፋው? ግሩም ነው» ሲል እህቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ደስ ሲላት ልማዷ ነው። ሞተሩ ተነሣ። መርማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መለኪያዎቹን ለማንበብ ሞከረ፤ አልቻለም። ወርዶም ሞተሩን ከሚሸከሙት ቱቦዎች በአንዱ ብየዳ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

«ይሄን አይቼ አልፈርምም፣ ጋሼ።»

ጋሽ አጥብቀው ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን አየው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አጥብቄው ነበር እኮ» አለ።

«ስላጠበቁት ነው የተሰነጠቀው።»

መርማሪው ጠመኔ አስመጣና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ሣለ፤ ፕሮፔለሩን ሣለ፤ በመካከላቸው ዘንጉን ሣለ። «ሞተሩ ጉልበቱን እንደ ውሃ አያፈስም። እየደጋገመ ነው የሚገፋው። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከባድ ነው፤ ሰነፍ ነው፤ እሺ ብሎ ወዲያው አይከተልም። መካከል ያለው ዘንግ ምን ይሁን? እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ተመልሶ ይፈታል። አንዲት ፍጥነት ላይ ሲደርስ የሞተሩ ግፊትና የዘንጉ መጠምዘዝ ይገጥማሉ። ዥዋዥዌ አይተዋል? ልጁ ሲመለስ ጠብቀው በልኩ ከገፉት በትንሽ ጉልበት ሰማይ ይወጣል። እንደዚያ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሁለት ቦታ ልስላሴ ያስፈልገዋል። አንዱ በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ መካከል፤ ጥምዘዛውን የሚቀበል። ሌላው ሞተሩ የሚያርፍበት። ጎማዎቹን ይመልሱ። ያቺ ክፉ ፍጥነት አትጠፋም፤ ግን ዝቅ ትላለች። ሞተሩ ሲነሣ አንዴ ነክቷት ያልፋል እንጂ የሚቆምባት አይኖርም።»

«ልስላሴ» አለ ጋሽ አጥብቀው፣ የማያውቀው ምግብ አፉ ውስጥ እንደ ገባበት ሰው።

መርማሪው ሲሄድ፣ ሜዳው ከመታጠሩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ሊመለስ እንደሚችል ነገረን። ያን ጊዜም ካልሆነስ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ባለ ጋራዡ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የፍሪሲዮን ዲስክ ይዞ መጣ። መካከሉ ላይ ዙሪያውን ትናንሽ ሞላዎች አሉበት፤ መኪናው ሲነሣ እንዳይነጥር ድንጋጤውን የሚውጡት እነዚያ ሞላዎች ናቸው። ዲስኩን በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ መካከል ገጠሙት። የተሰነጠቀው ቱቦ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። ጎማዎቹም ተመለሱ። ሞተሩ ሲነሣ አንዴ ብርክ አደረገውና ረጋ። ጋዝ ሲጨመርለት ረጋ፤ ሲቀነስለትም ረጋ። ጭጋጓ ተመልሳ መርፌ ሆነች።

እህቴ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ምነው፣ ዛሬ አታስነሡትም እንዴ?»

«ተነሥቷል!» ብለን ጮኽን ሁላችንም።

ደስታችን ግን አልከረመም። በማግስቱ ትንሽ ተንዘፈዘፈ። ከዚያ ቀን በቀን ባሰበት። ባለ ጋራዡ «ጎማው ርካሽ ነው» ብሎ ሌላ ጎማ ቆረጠ። አዲሱ ጎማ የተገጠመ ዕለት ሰላም ሆነ፤ ውሎ አድሮ ያው ሆነ። «ሙቀቱ እያደረቀው ነው» ተባለ፤ የላሜራ መከለያ ተሠራለት። ያው ነው። ጋሽ አጥብቀው ከሳ። በማተሚያ ቤቱ ሻዩን ሳይጠጣው ይቀዘቅዝበታል። ለመርማሪው ስልክ ደወለ፤ መርማሪውም «ጎማ እንዲህ ቶሎ አይሞትም። የሚገድለው ነገር አለ፤ እሱን ፈልጉ» አለው። በዚህ መካከል የሜዳው ዘበኛ የአጥሩ ምሰሶዎች በጭነት መኪና መጥተው መራገፋቸውን ሰው ልኮ ነገረን።

ገዳዩን ያገኘችው እህቴ ናት። ጎህ ሲቀድ ሻይ ልትጥድ ወጥ ቤት ገብታ መጋረጃውን ስትገልጥ፣ ባሏ በቢጃማው ሆኖ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ከአንዱ ቡሎን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ፣ «እኝ… እኝ…» ይላል። የእህቴ ድምፅ ግንቡን አልፎ እኔን ከአልጋዬ አስነሣኝ። ስደርስ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እሱ መፍቻውን ከጀርባው ደብቋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው የምልህ?»

«ምንም። እያረጋገጥሁ ነው።»

«ምኑን?»

«እንዳልላላ።»

«ላልቶ ነበር?»

«አልላላም።»

«ታዲያ ምን አደረግኸው?»

«ትንሽ… ትንሽ ጨመርሁለት። ለእርግጠኝነት ያህል።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

ከጀርባው መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዛሬ ብቻ ነው ወይ?»

«በየጠዋቱ» አለ፤ ከዚያም ቸኩሎ፣ «ግን ይሄ ማጥበቅ አይባልም። ማረጋገጥ ነው።»

ባለ ጋራዡ ተጠርቶ መጣ። ቡሎኖቹ ተፈቱ። ከሥራቸው የወጡት ጎማዎች እንደ አሮጌ የጫማ ሶል ተጨፍልቀው ነበር፤ በጥፍር ቢጫኗቸው አይገቡም። ባለ ጋራዡ አንዱን ሲሚንቶው ላይ ጣል ሲያደርገው እንደ እንጨት ቋ አለ። ሊስቅ አፉን ከፈተና የጓደኛውን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ጋሽ አጥብቀው የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«እኔው ነኝ ለካ» አለ። «ስንት ጎማ አስቆረጥኋችሁ! እኔ እኮ… ተኝቼ ሳለሁ አንዷ ላልታ ይሆን እላለሁ። ካልሁ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሄጄ ካልነካኋት አይለቀኝም።»

እህቴ መፍቻውን ከእጁ ወሰደች። «ስሙ እንኳ መፍቻ ነው፤ ማጥበቂያ አላሉትም! እኔንስ አጥብቀኸኝ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆየሁት?»

ጥቂት አሰበና፣ «አንቺማ ቡሎን የለሽም» አለ።

ባለ ጋራዡ ያን ጊዜ ሳቁን ለቀቀው። እህቴም ልትቆጣ ሞክራ አቃታት።

መፍቻው ከዚያ ቀን ጀምሮ በእህቴ የስፌት ሱቅ፣ በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፍና ከዚፕ ጋር ተቀመጠ። አዲስ ጎማዎች በልካቸው ተይዘው ተገጠሙ፤ ሞተሩም ረጋ። እንደ ረጋ እንዲቆይ ግን ጋሽ አጥብቀውን መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ሱቋ ድረስ ይመጣል።

«መፍቻውን ስጪኝማ፤ የውሃው ቧንቧ ያንጠባጥባል።»

«አብሬህ እመጣለሁ።»

ትሄዳለች፤ ቧንቧው እስኪጠብቅ አጠገቡ ቆማ፣ መፍቻውን ተቀብላ ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን የማተሚያ ቤቱ መኪኖች እንደዚያ ጠብቀው አያውቁም። እጁን የት ያሳርፈው? የእኔን የመስታወት ክፍል እንኳ ቡሎኗን ሁሉ አጥብቆልኝ በሩ አልከፈት ብሎ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ በመስኮት ወጥቻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ከደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነበርና ሰምቻለሁ።

«ስሚኝ» አላት። «መፍቻው ዕድሜ ልኩን እዚህ አይኖርም። እኔም ራሴን አውቃለሁ። አንድ ቀን ሌላ መፍቻ አመጣለሁ።»

«ታመጣለህ» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«ስለዚህ ባጠብቅም እንዳይጎዳ ማድረግ አለብኝ። ከራሴ ልጠብቀው።»

ከብረት ቱቦ አጫጭር ቁራጮች ቆረጠ፤ ቁመታቸው ከጎማው ቁመት እምብዛም የማያንስ። እያንዳንዱን በጎማው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው፤ ቡሎኗ በቱቦው ውስጥ ታልፋለች። ሲጠብቅ ጎማው ጥቂት ብቻ ይጨመቃል፤ ከዚያ ብረት ከብረት ይገናኝና ያበቃል። ቡሎኗ የፈለገችውን ያህል ብትጠብቅ ጎማው ከዚያ ወዲያ አይነካም። ሥራው ሲያልቅ ሁላችንን ጓሮ ሰብስቦ ለእህቴ እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ።»

አመነታች፤ ሰጠችው። የአንገቱ ሥር እስኪገተር አጠበቀ። ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ገባለት። ሲለቀው ተመለሰ። ደጋግሞ ተጫነው፤ ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አይጠፋም። በዚያ ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛ ብላ እህቴ ነገረችኝ፤ ጠዋት ላይም ሻይ እስኪፈላ አልነቃም።

አውሮፕላኑ በጭነት መኪና ወደ ሜዳው ተወሰደ፤ ክንፎቹ እዚያ ተገጠሙለት። ሣሩ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ በዳር በዳሩ የአጥር ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ ሽቦው ገና በጥቅልሉ ነው። መርማሪው መጣ። ሞተሩን አስነሥቶ ወንበሩ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ ጋዙን ሲሰጥ፣ ሲቀንስ፣ እንደገና ሲሰጥ። ወርዶ በባትሪው ወደ ጎማዎቹ አየና በቱቦዎቹ ላይ ዐይኑ ተተከለ።

«ይሄን ማን አሳየህ?» አለ፤ «እርስዎ»ው ያን ዕለት ቀረ።

«ጠባዬ።»

መርማሪው ሳቀ። «ፋብሪካዎቹም እንዲህ ነው የሚሠሩት። አንተን የመሰለ ሰው አጋጥሟቸው መሆን አለበት።» ፈረመለት። በመጀመሪያ ለብቻው እንዲበር፣ አውሮፕላኑ ከታመነ በኋላ ብቻ ሌላ ሰው እንዲያሳፍር አዘዘው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ዘበኛው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳይጠየቅ ይነግራት ጀመር።

«እየሮጠ ነው እትዬ… ጭራው ብድግ አለ…»

«ማን ጠየቀህ?»

«እሺ ዝም ልበል?»

«ዝም እንዳትል!»

«ተነሣ! ከምሰሶዎቹ በላይ ሆነ። ከዛፎቹም በላይ! እትዬ፣ ዘወር በይና እይው እንጂ!»

ዘወር አለች። ትንሿ አውሮፕላን ሜዳውን ዞረች፤ ድምፅዋ እኩል ነው፤ አይቆራረጥም፤ አይንጫጫም። ባለ ጋራዡ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ጋሽ አጥብቀው ወርዶ ሲመጣ ሁላችን ከበብነው፤ አንድ ትልቅ ቃል ጠብቀን ነበር።

«የጓሯችን ቆርቆሮ ጥጉ ተነሥቷል» አለን። «ከላይ ሲታይ ያሳፍራል።»

የቀሩትን ሳምንታት ነፋስ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ሁሉ በረረ። የአጥሩ ሽቦም እየተዘረጋ ሜዳውን ከበበው። በመጨረሻው ቀን የቀረው፣ አውሮፕላኑ የሚነሣበት ክፍት ቦታ ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ሊዘጉት መጥተው፣ ዘበኛው «ሻይ ጠጡና እንመለስበታለን» ብሎ ወደ ጥበቃ ቤቱ ወሰዳቸው። ጋሽ አጥብቀው ሞተሩን ሲያሞቅ እህቴ በመንገዱ መጣች። ፀጉሯን በሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ የጠራት ሰው አልነበረም።

«ያ ወንበር ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

መነጋገሪያ ያለበትን የጆሮ ማዳመጫ አደረገላት። በክፍቱ በኩል ተነሡ። በከተማው ላይ ዞሩ፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ግቢ ወጥተው በወረቀት እንዳውለበለቡላቸው ኋላ ሰምቻለሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥላቸው ቀድሟቸው ሣሩ ላይ ወረደ። ሠራተኞቹ ሽቦውን የዘረጉት አውሮፕላኑን ገፍተን ወደ ጭነት መኪናው ካወጣን በኋላ ነው። ዘበኛው ራሱ ጫፉን ይዞላቸው ነበር።

«እንዴት ነበር እትዬ?» አላት ባለ ጋራዡ።

«አወራን» አለች።

«እንዴት አወራችሁ?»

«በማዳመጫው ነዋ! ማተሚያ ቤቱ ጆሮውን ካደነቆረው ወዲህ እኔና እሱ ያለ ጩኸት አውርተን አናውቅም። ዛሬ በሹክሹክታ ብናገረው ይሰማኛል።» ሻሿን ፈታች። «ሞተሩን ረስቼው ነበር።»

ሜዳው ዛሬ ሰፈር ሆኗል፤ ሕፃናት ብስክሌት ይነዱበታል። ጋሽ አጥብቀው ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። እህቴ አርጅታለች፤ የስፌት መኪናዋን ያን ጊዜ ባሰበችው ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ደስ ሲላት ትሰፋለች። ያን ቀን እዚያ ላይ ምን እንዳወራችሁ ንገሪኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። ክሩን በጥርሷ ትበጥስና፣

«እሱን ለእኛ ተወው፣ ወንድሜ» ትለኛለች።